የዳካር ጎረቤቶቼ የሚልኩልኝን ልቀበል?

ጥያቄ፦ መምህር፣ የምኖረው ለሥራ በመጣሁበት በሴኔጋል፣ ዳካር ነው። ጎረቤቶቼ ካቶሊኮችና ሙስሊሞች ናቸው። በስቅለት ካቶሊኮቹ ንጋላክ የሚባል ምግብ ሠርተው ለሁሉም ያድላሉ። በአረፋ ደግሞ ሙስሊሞቹ የበግ ሥጋ ይልካሉ፤ ክርስቲያኖቹም ይበላሉ። እኔ ብቀበል ሃይማኖቴን ማቃለል ይሆንብኛል?

መልስ፦ እኅቴ፣ መጀመሪያ ያለሽበትን አገር እወቂው። ከሴኔጋል ሕዝብ ከ90 በመቶ በላይ ሙስሊም ነው። የመጀመሪያው ፕሬዚዳንት ሊዮፖልድ ሴዳር ሴንጎር ግን ካቶሊክ ነበሩ፤ እ.ኤ.አ. ከ1960 እስከ 1980 ሲመሩ ታላላቅ የሙስሊም መሪዎች ደግፈዋቸዋል። የተወለዱበት ጆአል አጠገብ ባለችው በፋዲዩት፣ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም የሚቀበረው በአንድ መካነ መቃብር ነው። እንዲህ የኖረ ሰው ሳህን ሲልክልሽ ሊያስክድሽ አይደለም። ጎረቤቱ ስለሆንሽ ነው።

ንጋላኩ ቀላል ነው። እህል፣ ኦቾሎኒና የባኦባብ ፍሬ ነው። ወተት እንዳልገባበት ብቻ ጠይቂ። የእነሱ ስቅለት የሚውለው በእኛ ዐቢይ ጾም ውስጥ ስለሆነ፣ ተቀብለሽ በመፍቻ ሰዓትሽ ብዪ። እንደ 2017 ዓ.ም. በአንድ ቀን ከገጠመ ግን መጀመሪያ ስግደትሽን ጨርሺ።

ነገሩ ያለው ሥጋው ላይ ነው። አንዳንዶች 1ኛ ቆሮንቶስ 10፥27ን ጠቅሰው «የቀረበልህን ብላ ተብሏል» ይላሉ። ሌሎች ቀጥሎ ያለውን ቁጥር ይዘው ይከለክላሉ። እሱ ግን የሚናገረው ስለ ጣዖት መሥዋዕት ነው፤ የጎረቤቶችሽን በግ ከዚያ ጋር አላስተካክልም። እኛ የምንተወው ክርስቲያን በስመ ሥላሴ ባርኮ ያረደውን እንድንበላ ከአባቶቻችን ስለተቀበልን ነው። አንቺም ጠብቂው።

ችግሩ፣ እኛ አገር ሳይነገር የሚታወቀው እዚያ አይታወቅም። እኛ ጋ ሙስሊሙ ሲደግስ ለክርስቲያን ጎረቤቱ ለብቻ ያሳርዳል፤ ማንም አይቀየምም። ዳካር ላይ ክርስቲያኑ ሥጋውን ስለሚበላ፣ ዝም ብለሽ ብትመልሺ ንቀት ይመስላል። «ጾም ነኝ» ብለሽም አትዋሺ። አረፋ ሳይደርስ ራስሽ ሄደሽ ሥርዓታችንን አስረጃቸው። በዕለቱ ፍራፍሬ ይዘሽ እንኳን አደረሳችሁ በያቸው፤ ሻያቸውንም ጠጪ። እንደ ቡናችን ሦስት ዙር አለው፣ ከአቦሉ ተነሥተሽ እንዳትወጪ! ሶላት ላይ አትቆሚም፤ እነሱም አይጠብቁብሽም።

እስካሁን በልተሽ ከሆነ አትጨነቂ። ለንስሐ አባትሽ ደውለሽ ንገሪያቸው።