ዲን ማለት ሃይማኖት ብቻ ነው?

ጥያቄ፦ አሰላሙ ዐለይኩም። ፋቲሓ (የቁርኣን መክፈቻ ምዕራፍ) ላይ «የውሚድዲን» የሚለው «የፍርዱ ቀን» ተብሎ ተተርጉሟል። ዲን ሃይማኖት ከሆነ ፍርድ ከየት መጣ?

መልስ፦ ወዐለይኩሙ ሰላም። ትርጉሙ ትክክል ነው። «ዲን» የሚለው ቃል ቁርኣን ውስጥ ከ90 ጊዜ በላይ ይገኛል፤ ፍቺውን የሚለየው አገባቡ ነው። «የውም» (ቀን) ከቀደመው ፍርድና ዋጋ መክፈል ማለት ነው። ሱረቱ ዩሱፍ (12፥76) ላይ «ፊ ዲኒል መሊክ» ሲል ደግሞ የግብፁን ንጉሥ ሕግ ማለቱ ነው፤ ዩሱፍ በዚያ ሕግ ወንድሙን ይዞ ማስቀረት አይችልም ነበር። እዚህ ላይ «በንጉሡ ሃይማኖት» ብለው ካነበቡት የታሪኩ ክር ይበጠሳል። ሱረቱል ካፊሩን (109፥6) ላይ ግን እርስዎ የሚያውቁት ሃይማኖት ነው።

ሥሩን ቢያዩ ይበልጥ ይገለጥልዎታል። ከዚያው ሥር የሆነው የዐረብኛው «ደይን» ማለት ዕዳ ነው፤ የቁርኣን ረጅሙ አንቀጽ (2፥282) ስለ ዕዳ መጻፍ ይናገራል። የግዕዙ «ደይን» ፍርድ ሲሆን የእኛው «ዳኛ»ም ዘመዱ ነው። ስለዚህ ለአማርኛ ተናጋሪ ነገሩ እንግዳ አይደለም።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው ዲንን የልብ እምነት ብቻ ሲያደርገው ነው። የሐዲስ (የነቢዩ ንግግርና ተግባር ዘገባ) ሰብሳቢው ኢማም ሙስሊም በዘገቡት፣ መልአኩ ጂብሪል (ገብርኤል) ጠያቂ ሆኖ በመጣበት ሐዲስ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) በመጀመሪያ ስለ ኢስላም ተጠይቀው 5ቱን ተግባራት፣ ስለ ኢማን 6ቱን የእምነት መሠረቶች፣ ስለ ኢሕሳን ደግሞ አላህን እንደሚያዩት ሆኖ መገዛትን መለሱ። በመጨረሻም «ጂብሪል ነው፤ ዲናችሁን ሊያስተምራችሁ መጣ» አሉ። ሦስቱም አንድ ላይ ዲን ተባሉ።