ስፒከር እንጨት ስታለብሺ እርጥብ ዋንዛ እንዳያስገቡብሽ

እህቴ፣ ጥያቄሽን አይቼ ዝም ብዬ ማለፍ አቃተኝ። ደሴ ያለውን ሳሎንሽን አሳምረሽ፣ መጋረጃና ምንጣፉ ተስማምቶ፣ ሁለቱ ጥቁር ስፒከሮች ብቻ እንደ ከሰል ጆንያ ጥግ ላይ ቆመው ዓይን እንደሚወጉ ጽፈሻል። ቀለም ልቀባቸው ወይስ እንጨት ላልብሳቸው ነው ያልሽው። እኔ ኮምቦልቻ ነኝ። ከሁለት ዓመት በፊት ልክ እንዳንቺ ነበርኩ። 14,000 ብር ከስሬ ነው የተማርኩት፣ አንቺ እንዳትከስሪ።

1. ቀለሙን ተይው። የግድ ከሆነም መጀመሪያ ድምፅ የሚያወጡት ክቦች ተፈተው ይውጡ። ጎረቤቴ ስፕሬይ ገዝቶ ሳይፈታ ነፋበት። የክቦቹ ወረቀት ቀለም ጠጥቶ ከበደ። ከዚያ ወዲያ ዘፋኙ ሁሉ ጉድጓድ ውስጥ ሆኖ የሚጣራ ይመስላል።

2. የፊቱን ጨርቅ መቀየር ከሁሉም ርካሽ ነው፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ መልክ ይለውጣል። የአሜሪካው ስፒከር ሠሪ ጄቢኤል እ.ኤ.አ. በ1970 ኤል100 የሚባለውን ስፒከር ሲያወጣ በብርቱካንማ ስፖንጅ ፊት ጭምር ነበር፤ ሰው እስካሁን የሚያስታውሰው በዚያ ፊቱ ነው። ጨርቁ ግን አየር ማሳለፍ አለበት። አፍሽ ላይ አድርገሽ እፍ በዪበት። ትንፋሽሽ ሳይታገል ካለፈ ድምፁም ያልፋል። መጋረጃ የተረፈሽን ወፍራም ጨርቅ አትወጥሪበት፣ የማሲንቆውን ቀጭን ድምፅ ይበላዋል።

3. እንጨቱን በተመለከተ፣ የደረቀ መሆኑን አረጋግጪ። እኔን ያቃጠለኝ ይሄ ነው።

ነሐሴ ላይ ነው። የጦሳ ተራራ በጉም ተሸፍኖ፣ ዝናቡ አላባራ ብሎ። ደሴ አንድ የታወቀ የፈርኒቸር ቤት ሄድኩና ሁለቱንም ሳጥን በወፍራም የዋንዛ ጣውላ እንደ አዲስ ሥሩልኝ አልኩ። ባለቤቱ ቀብድ ሲቀበል «ጌታዬ» እያለ ነው። እንጨቱ ደርቋል ወይ ብዬ ጠየቅኩ። «ዓመት የቆየ ነው» አለኝ። ጣውላውን በእጄ ስይዘው ይቀዘቅዝ ነበር፣ ክብደቱም ሌላ ነበር። አየሁ፣ ግን አመንኩት። ስህተቴ እሱ ነው።

ሲያልቅ ግን እንዴት ያምር ነበር! ቡናማው ላይ ወርቃማ ጅረት የሚመስል መስመር ይሄድበታል። አንዱን ጭኔ ላይ፣ አንዱን እግሬ ሥር አድርጌ በሚኒባስ የሐረጎን ቁልቁለት ወረድኩ። ኮምቦልቻ ከደሴ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ብትሆን ነው፣ ግን 600 ሜትር ያህል ዝቅ ትላለች፣ ሙቀቷም ሌላ ነው። ኅዳር ላይ አንድ ሌሊት «ጧ» የሚል ድምፅ ቀሰቀሰን። ባለቤቴ ሌባ መስሏት ተነሳች። የግራው ስፒከር አናቱ ላይ ከጠርዝ እስከ ጠርዝ ተሰንጥቋል። የክብሪት እንጨት ያስገባ ነበር። ቤዙ ሲመታ በስንጥቁ አየር እየወጣ ያፏጫል።

ሦስት ጊዜ ደሴ ተመላልሻለሁ። ሰውየው ከወንበሩ እንኳ ሳይነሳ «እንጨት አይደል? ይሰነጠቃል» አለኝ። ለፎቶው ዞር ብሎ አላየም። በመጨረሻ ጸሐፊዋ «ደረሰኝ አለህ?» አለችኝ። ደረሰኝ ሳይሰጡኝ! ገንዘቡን ረስቼዋለሁ፣ ያ አነጋገር ግን እስካሁን ያንገበግበኛል። አንቺ ደሴ ስለሆንሽ አይነካኝም እንዳትዪ። በጋ ሲገባ እርጥብ እንጨት የትም ይኮማተራል።

በኋላ ሌላ አናጺ፣ እዚሁ ኮምቦልቻ ያለ ወጣት ልጅ፣ ነገሩን አስረዳኝ። ደንበኛ ጣውላ እንደ አየሩ ያብጣል፣ ይኮማተራል። ፋብሪካዎቹም አብዛኞቹ ሳጥኑን በኤምዲኤፍ፣ ማለትም ከእንጨት ቃጫና ሙጫ ተጨምቆ በሚሠራ ሰሌዳ፣ ሠርተው ላዩን ቬነር የሚሉትን እንደ ወረቀት የሳሳ የእንጨት ልባስ የሚለጥፉት ለዚህ ነው። ኤምዲኤፍ አይሰነጠቅም፣ መልኩ ግን እንጨት ነው። ቬነሩን ከአዲስ አበባ አስመጣሁ። ልጁ ከአንዱ ግንድ ተከታትለው የተቆረጡትን ሁለት ልባሶች መርጦ ግራና ቀኙን ፊት ለፊት አስተያያቸው። የአንዱ መስመር ወደ ግራ ሲያጎነብስ የሌላው ወደ ቀኝ ያጎነብሳል። እንግዳ ሲመጣ መጀመሪያ የሚያየው እሱን ነው። የፊቱን ጠርዝ ደግሞ በብርጭቆ ወረቀት ክብ አድርጎ አለሰለሰው። ክብ ጠርዝ ለዓይን ብቻ አይደለም፣ ድምፁም ሹል ጠርዝ ላይ እየተሰበረ አይበተንም። እንግሊዞቹ ባወርስ ኤንድ ዊልኪንስ እ.ኤ.አ. በ1993 ያወጡት ናውቲለስ የሚባለው ስፒከርም ቀንድ አውጣ የመሰለው ለጌጥ ብቻ እንዳይመስልሽ፤ ከኋላ የሚወጣውን ድምፅ እየጠበበ በሚሄድ ቱቦ ውስጥ ያስቀረዋል።

ለፊቱ ጨርቅ የእናቴን አሮጌ ነጠላ ተጠቀምኩ። ሳንደርበው፣ በቀጭን የእንጨት ክፈፍ ላይ ወጥረን። ጥለቱን ከታች አስቀረነው፣ ቀይና አረንጓዴ። እናቴ መጀመሪያ ተቆጥታኝ ነበር። መንዙማ ስከፍት ከነጠላው ጀርባ ድምፁ ጥርት ብሎ ሲወጣ ግን እየሄደች ጥለቱን ትዳስሰዋለች።

ከፍታውንም አስቢበት። ከሱቅ የሚገዛ የስፒከር መቆሚያ ሶፋ ላይ ለሚቀመጥ ሰው ነው የሚሠራው። እኛ ቤት ግን መጅሊስ ላይ ነው የምንቀመጠው። ቀጭኑን ድምፅ የምታወጣው ትንሿ ክብ፣ ቲውተር የሚሏት፣ ከተቀመጥሽበት ጆሮሽ ጋር እኩል ትሁን። ለእኔ አጠር ያለ መቆሚያ ተሠራ፣ ሳሎኑም ሰፋ ብሎ ታየኝ። ዳንቴልና አበባ አናቱ ላይ አታድርጊ፣ የአበባ ማስቀመጫ ቤዝ ሲመታ ይንጫጫል።

ሠሪ ዘንድ ስትሄጂ ጣውላውን በእጅሽ ያዢው። ከቀዘቀዘሽና ከከበደሽ ጥለሽ ውጪ፣ የፈለገውን ቢምልልሽ። ደረሰኙን ቀብድ ስትከፍዪ ተቀበዪ።

የአንቺዎቹ ከኋላ ክብ ቀዳዳ አላቸው? ካላቸው ግድግዳ ላይ ማስጠጋት ስለማይሆን የመቆሚያው ልክ ይለወጣል። ቁመታቸውን ለክተሽ ጻፊልኝ፣ የልጁንም አድራሻ በውስጥ እልክልሻለሁ።