መልስ፦ መዝሙር 136 ላይ አፌ ይያዛል ላልከው

አብሽር ወንድሜ። «ዳዊት ስደግም አድጌ አሁን የ136 መጨረሻ ላይ አፌ ይያዛል፤ ክህደት ነው ወይ?» ብለሃል። እኔም ደሴ ቄስ ትምህርት ቤት ነው ያደግሁት። የቅዳሜውን ድርሻ በግእዝ ሳይገባኝ እወጣው ነበር፤ ሕፃናትን በዓለት ላይ የሚፈጠፍጥ ብፁዕ ነው እንደሚል በአማርኛ ያነበብኩ ቀን ግን የጦሳ ተራራ የተጫነኝ መሰለኝ። የኔታን ብጠይቃቸው ሕፃናቱ ገና ያልጎለመሱ ክፉ ምኞቶች፣ ዓለቱ ክርስቶስ ነው አሉኝ። ከኪሳቸው አላወጡትም፤ የጥንቱ የቤተ ክርስቲያን መምህር አውግስጢኖስም እንዲሁ ተርጉሞታል። ያምራል፤ ግን በመዝሙሩ የሚጮኸው የባቢሎን ምርኮኛ ቂም የእውነት ቂም ነው። አሁን እንደ ተበዳይ ጩኸት እንጂ እንደ ትእዛዝ አላነበውም። 1ኛ ሳሙኤል 15፥3 ላይ ግን ይህም መውጫ የለም፤ እሱ አማሌቃውያንን ግደል የሚል ትእዛዝ ነው፣ ጡት የሚጠባው ሳይቀር። እዚያ ዛሬም ቆሜያለሁ። ብቻ እናትህ ቡና ስታፈላ አታንሳው፤ እኔ አንስቼ ጠበል ተወስጃለሁ።