መልስ፦ ፎስፎ-አርቢ በዌስተርን ብሎት ለምን አይታይም?

ኦርቶቫናዴት ጨምረህም በዌስተርን ብሎት (ፕሮቲን በፀረ እንግዳ አካል የሚለይበት ዘዴ) ፎስፎ-አርቢን፣ ማለትም ፎስፌት የተለጠፈበትን አርቢ (የሴል ክፍፍልን የሚገታ ፕሮቲን)፣ ማየት አልቻልክም ብለሃል። ፓልቦሲክሊብ (ሲዲኬ4 እና ሲዲኬ6 የተባሉ ኢንዛይሞችን የሚያግድ የካንሰር መድኃኒት) ባልነካቸው ሴሎችም ፎስፎ-አርቢ ከጠፋብህ፣ መጀመሪያ የሚጠረጠረው ፎስፋቴዝ የተባለው ኢንዛይም ነው፤ ሴሉ እንደፈረሰ ፎስፌቱን ከፕሮቲኑ ላይ ይነቅለዋል።

የጨመርከው ኦርቶቫናዴት ብቻውን አይበቃም። እሱ በዋናነት የታይሮሲን ፎስፋቴዞችን ያግዳል፤ ሲዲኬ4 እና ሲዲኬ6 ግን አርቢ ላይ ፎስፌት የሚለጥፉት በሴሪንና በትሪዮኒን በተባሉ ሌሎች አሚኖ አሲዶች ላይ ነው። ስለዚህ፦

1. ሴል ማፍረሻው ፈሳሽ ላይ 10 ሚሊሞላር ሶዲየም ፍሎራይድና 10 ሚሊሞላር ቤታ-ግሊሰሮፎስፌት ጨምር፤ እነዚህ የሴሪንና የትሪዮኒን ፎስፋቴዞችን ያግዳሉ። ሁሉንም በበረዶ ላይ ሥራ።
2. ፕሮቲኑ የተላለፈበትን ሜምብሬን በወተት ሳይሆን በ5% ቢኤስኤ (ከከብት ደም የሚገኝ አልቡሚን) ሸፍን። የወተት ኬዚን ራሱ ፎስፌት ስላለው የጀርባውን ጥላ ሊያበዛ ይችላል።

አንድ ነገር ግን ተጠንቀቅ፦ ሴሎቹ የሚያድጉበት ሳህን ጢም ብሎ ከሞላ ብዙ ሴሎች መከፋፈል ያቆማሉ፤ አርቢም ፎስፌቱን አጥቶ ኢ2ኤፍን (የክፍፍል ጂኖችን የሚያስነሳ ፕሮቲን) ይይዛል። ያኔ መድኃኒቱ የሠራ ይመስልሃል። ከ60 እስከ 70% ሲሞላ ሰብስብ፣ ጠቅላላ አርቢንም ጎን ለጎን ለካ። ጠቅላላውም ከሌለ ሴሎቹ አርቢ የሌላቸው ሊሆኑ ይችላሉ።