ጨዋታው ራሱ ያናግራቸው

ጥያቄ፦ እትዬ፣ ጤና ይስጥልኝ። ባሕር ዳር የእንግሊዝኛ አስተማሪ ነኝ። በመጪው ክረምት ከባልደረቦቼ ጋር ከ8 እስከ 12 ዓመት ለሆኑ ልጆች የእንግሊዝኛ ካምፕ ልንከፍት ነው። ጠዋት ክፍል፣ ከሰዓት ጨዋታ። ጨዋታው የእንግሊዝና የአየርላንድ ልጆች የሚጫወቱት እንዲሆን ብለን ከኢንተርኔት ረጅም ዝርዝር አወረድን፤ ግን የትኛው እንደሚሆነን ግራ ገባን። ሜዳችን ትንሽ ነው፣ ዕቃ የለንም፣ ልጆቹም እንግሊዝኛ ለመናገር በጣም ያፍራሉ። እዚያ አገር ከልጆች ጋር ስለሠሩ ይምከሩኝ።

መልስ፦ ልጄ፣ ጥያቄሽ ደስ ብሎኛል። ለንደን ውስጥ በአንድ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ረዳት መምህርት ሆኜ ስሠራ የምሳ ሰዓት የሜዳ ተረኛ ነበርኩ። የምነግርሽ ያየሁትን ነው።

መጀመሪያ ዝርዝሩን ያዢና ልጅ አፉን ሳይከፍት ሊጫወተው የሚችለውን ሁሉ ሰርዢ። ሆፕስኮች ቆንጆ ጨዋታ ነው። ደብሊን ውስጥ ድሮ ልጆች ባዶ የጫማ ቀለም ቆርቆሮ በእግራቸው እየገፉ ይጫወቱት ነበር። ግን የእኛው ሰኞ ማክሰኞ ነው፤ አንድ ቃል እንግሊዝኛ አይጠይቅም። ፋይቭስቶንስም ያው ቅልብልቦሽ ነው። ኮንከርስ የሚባለው ደግሞ የሆርስ ቼስትነት ዛፍ ፍሬን በክር አንጠልጥሎ የሌላውን ፍሬ መምታት ነው። ኖርዝሃምፕተንሻየር ውስጥ ከ1965 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የዓለም ሻምፒዮና ይደረግበታል፤ ለአንቺ ግን ፍሬው ከየት ይመጣል? መሃል ሜዳ የቆመ ልጅ ከዳር እስከ ዳር የሚሮጡትን የሚይዝበትን ብሪቲሽ ቡልዶግን እርሺው። ልጆች እየተጋጩ ስለሚጎዱ እዚያው አገር ብዙ ትምህርት ቤቶች ከልክለውታል።

ከቀረው ውስጥ አንድ ብቻ ምረጪ ብትይኝ "ዋትስ ዘ ታይም፣ ሚስተር ዉልፍ?" እልሻለሁ። አንድ ልጅ ተኩላ ይሆንና ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ይቆማል። ሌሎቹ ከሜዳው ማዶ ይሰለፋሉ። በአንድ ድምፅ ሰዓቱን ይጠይቁታል። "ስሪ ኦክሎክ" ካለ ሦስት እርምጃ ይጠጋሉ፣ "ፋይቭ ኦክሎክ" ካለ አምስት። ሲቀርቡት "ዲነር ታይም!" ብሎ ይዞርና ያባርራቸዋል። የተያዘው ተኩላ ይሆናል። ኩኩሉ ሲባል "አልነጋም" እያለ ያደገ ልጅ ይህን ለመልመድ ብዙ አይቸገርም።

የሰዓት አቆጣጠሩ ልዩነት እንዳያስጨንቅሽ። የእኛ ጠዋት 3 ሰዓት የእነሱ ናይን ኦክሎክ መሆኑን በጨዋታው መሃል አታስረጂ። ለጨዋታው ቁጥሩ ይበቃል። በማግስቱ ጠዋት ክፍል ውስጥ "ተኩላው ስሪ ኦክሎክ ሲል በእኛ ስንት ሰዓት ነበር?" ብለሽ ጠይቂያቸው፤ ያኔ ትምህርቱ በራሱ ይገባል።

አንዲት ልጅ ትዝ ትለኛለች። ከአገሯ ከመጣች ገና ጥቂት ሳምንት ነበር። ክፍል ውስጥ ስሟ ሲጠራ እንኳ አቤት አትልም። ሜዳ ላይ ግን አጥሩን ተደግፋ ተኩላውን ታያለች። አንድ ቀን ከመስመሩ ጫፍ ገባች። መጀመሪያ ከንፈሯን ብቻ ታንቀሳቅስ ነበር፤ ቀስ በቀስ በሌሎቹ ጩኸት ተከልላ መጠየቅ ጀመረች። ከዚያ ተያዘችና ተኩላ ሆነች። አሁን መልሱ የእሷ ብቻ ነው። ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ "ቱ ኦክሎክ!" አለች፣ ጮክ ብላ። የጨዋታው ትልቁ ነገር ይሄ ነው፤ ተኩላው የማንንም ዓይን አያይም። ዓይን የሚፈራ ልጅ ጀርባውን ሰጥቶ መናገር ይቀለዋል።

"ኩዊኒ"ም እንደዚሁ ጀርባ በማዞር ነው የሚጀመረው። ኩዊኒ የሆነችው ልጅ ኳሱን በትከሻዋ ላይ ወደ ኋላ ትወረውራለች። አንዱ ያነሳና ይደብቃል። ሁሉም እጃቸውን ወደ ኋላ አድርገው ኳሱ ማን ጋ እንዳለ በእንግሊዝኛ ይጠይቋታል። ትዞርና ትገምታለች፤ ከሳተች ኳሱን የያዘው ይተካታል። የጨርቅ ኳስ ይበቃሻል። እኔ አንድ ነገር እጨምርበታለሁ፦ ከመገመቷ በፊት ሦስት ጥያቄ ትጠይቅ። "ኢዝ ኢት ኤ ቦይ?" "ኢዝ ሂ ዌሪንግ ኤ ሬድ ሸርት?" ልጆቹ ኳሱ ማን ጋ እንዳለ ለማወቅ ሲጓጉ ሰዋስው እየተለማመዱ መሆኑን ይረሱታል።

"ሳይመን ሴዝ" ዝርዝርሽ ላይ እንደሚኖር አልጠራጠርም። መሪው ትእዛዙን በእነዚህ ሁለት ቃላት ሲጀምር ብቻ ነው ልጆቹ የሚታዘዙት። የእንግሊዝ ጦር ሠራዊትም "ኦግሬዲ ሴዝ" እያለ ለሰልፍ ልምምድ ይጠቀምበት ነበር። ጥሩ ነው፤ ግን የተሳሳተ ይውጣ የሚለውን ሕግ አልወደውም። ቶሎ የሚወጣው ቋንቋው ያልገባው፣ ልምምዱ ከሁሉም በላይ የሚያስፈልገው ልጅ ነው። የተሳሳተው ከመውጣት ይልቅ ቀጣዩን ትእዛዝ ይስጥ።

ከጨዋታዎቹ እኩል የማከብረው ሌላ ነገር አለ። አዮና እና ፒተር ኦፒ የሚባሉ ባልና ሚስት የእንግሊዝን ልጆች ጨዋታና አነጋገር ዕድሜ ልካቸውን ሰብስበዋል። በ1959 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት መጽሐፍ ልጆች ጨዋታ ለአፍታ ለማቆም ጣታቸውን አጠላልፈው የሚሏቸውን ቃላት በየአካባቢው መዝግበዋል። ስኮትላንድ "ባርሊ"፣ ለንደን "ፌይናይትስ"፣ ሰሜን ምሥራቅ እንግሊዝ "ስኪንች"። ይህን የተናገረ ልጅ አይነካም። ካምፕሽ ውስጥ ከእነዚህ አንዱን በመጀመሪያው ቀን አስተምሪ። የሚባለው ያልገባው ልጅ ጣቱን አጠላልፎ "ባርሊ!" ካለ ጨዋታው ይቆማል፣ ጓደኛው ያስረዳዋል። አልገባኝም ማለት የሚያሳፍረው ልጅ ይሄን ለማለት አያፍርም።

ከአየርላንድ የምትወስጂው ደግሞ አንድ ሥራ ነው። ከ1937 እስከ 1939 እ.ኤ.አ. ወደ 5,000 በሚጠጉ የአየርላንድ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች የሚማሩ ልጆች ከወላጆቻቸውና ከጎረቤት ሽማግሌዎች የሰሙትን ተረትና ጨዋታ በደብተራቸው ጽፈዋል። ስብስቡ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ደብሊን ይገኛል፤ በኢንተርኔትም በነፃ ይነበባል። በሕፃን እጅ ጽሑፍ፣ በአጫጭር ዓረፍተ ነገር የተጻፉ የጨዋታ ሕጎች ታገኛለሽ። አንድ ሁለቱን ለልጆቹ አንብቢላቸው። ከዚያ እነሱም አያቶቻቸውን ጠይቀው አንድ የባሕር ዳር ጨዋታ በእንግሊዝኛ ጽፈው ይምጡ፣ ጓደኞቻቸውንም በጻፉት ሕግ ያጫውቱ። ሕጉ ግልጽ ካልሆነ ሜዳው ላይ ወዲያው ይታወቃል።

አደራ፣ እየተጫወቱ ሳለ አታርሚያቸው። ስህተቱን ማስታወሻሽ ላይ ያዢና ጠዋት ክፍል ውስጥ አንሺው።

ጥያቄ፦ እንግሊዝ አገር፣ ሊድስ ነው የምኖረው። ትንሿ ልጄ "ሪንግ ኤ ሪንግ ኦ ሮዝስ" እያለች ትሽከረከርና መጨረሻ ላይ ትወድቃለች። የሥራ ባልደረባዬ ይህ ዘፈን በድሮ ቸነፈር ስላለቁ ሰዎች ነው አለኝ። ደስ አላለኝም። ላስቁማት?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ይተዉአት ትጫወት። ይህ ወሬ በጣም የተስፋፋ ነው፤ የልጆች ጨዋታ አጥኚዎች ግን አይቀበሉትም። ታላቁ የለንደን ቸነፈር የነበረው በ1665 እ.ኤ.አ. ነው። ግጥሙ እንግሊዝ ውስጥ በመጽሐፍ ታትሞ የወጣው ግን በ1881 ነው። ከቸነፈር ጋር የሚያያይዘው ትርጓሜ የተስፋፋው ደግሞ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ነው። በድሮዎቹ አንዳንድ አጨዋወቶች መጨረሻው መውደቅ ሳይሆን ጎንበስ ብሎ እጅ መንሳት ነበር። ቤት ውስጥ ከሆነ ምንጣፍ ላይ ትጫወት፤ ጉልበቷን እንዳያማት።