መልስ፦ የድራፍት መስመርን በጨውና በኤሌክትሪክ ስለማጽዳት

ወንድሜ፣ «ኮምቦልቻ ድራፍት ቤት አለኝ፤ በረኪና በጀሪካን ከማከማች የድራፍት መስመሩን (ቢራው ከበርሜል ወደ መቅጃው የሚመጣበትን ቱቦ) በጨውና በኤሌክትሪክ ባጸዳ ይሆናል ወይ?» ላልከው፣ አዎ ይሆናል። ኤሌክትሪክ በጨው ውሃ ውስጥ ሲያልፍ ክሎሪን ይፈጠራል፤ ያ ከውሃው ጋር ተዋህዶ ጀርም ገዳይ ይሆናል። የበረኪና ዘመድ ነው። ልዩነቱ በሚፈለግበት ሰዓት እዚያው መሠራቱ ነው፤ ከሰነበተ ጉልበቱ ይደክማል። መብራት ከጠፋ ግን ያው ቆመህ መጠበቅ ነው።

አንድ ነገር ላይ እንዳትሸወድ፤ ጀርም ይገድላል እንጂ ቱቦው ላይ የተጋገረውን ዝቃጭ አይፈታም። መጀመሪያ በመስመር ማጠቢያው ኬሚካል እጠበው፣ በደንብ አለቅልቀው፣ ከዚያ ይሄን በኤሌክትሪክ የተሠራ ውሃ አሳልፍ። አሲድ ካለው ማጠቢያ ጋር ከተገናኘ መርዛማ ጋዝ ያወጣል። በመጨረሻም በንጹህ ውሃ አጥራው፤ አለዚያ ድራፍቱ መድኃኒት መድኃኒት ይላል፣ ወሬው ደሴ ይደርስልሃል! ይሄን ውሃ የሚሠራው ማሽን ሃይድሮጅን የሚባል ተቀጣጣይ ጋዝም ስለሚያወጣ ክፍሉ አየር ያግኝ። በባትሪ ቻርጀር ቤት ውስጥ ልሥራው ካልክ ግን ተው።