ብስክሌተኛን ሲቀድሙ ከፊቱ ያለውን አስፋልት ይመልከቱ

ጠያቂያችን መንጃ ፈቃድ ካወጡ ጥቂት ወራት እንደሆነዎትና ባሕር ዳር ውስጥ ሲያሽከረክሩ ብስክሌተኞች ሳይታሰብ ወደ መሐል መንገድ እየገቡ እንደሚያስደነግጡዎት ገልጸው፣ እንዴት በደኅና እንደሚቀድሟቸውና ክላክስ ማድረግ ይጠቅም እንደሆነ ጠይቀዋል። በዚሁ ከተማ ለዓመታት ብስክሌት ስነዳ ኖሬ አሁን መኪናም የማሽከረክር በመሆኔ፣ ከሁለቱም ወገን ያየሁትን ልጻፍልዎ።

«ሳይታሰብ» ያሉት ነገር አብዛኛውን ጊዜ አስቀድሞ የሚታይ ነው። ብስክሌተኛ ወደ ግራ የሚወጣው ከጎማው ፊት ጉድጓድ፣ ክዳኑ የተነሣ የጎርፍ ቱቦ፣ የተደፋ አሸዋ ወይም ተሳፋሪ ለማውረድ የቆመ ባጃጅ ሲያጋጥመው ነው፤ እርስዎ ሳይሰማዎት የሚያልፉት ስንጥቅ እሱን ከኮርቻው ሊጥለው ይችላል። በክረምት ደግሞ የመንገዱ ዳር ውኃ ሲያቁር ከሥሩ ምን እንዳለ ስለማይታወቅ፣ ልምድ ያለው ሰው ሁሉ ይሸሸዋል። ስለዚህ ዓይንዎን ብስክሌተኛው ላይ ብቻ ከመትከል ይልቅ ከእሱ ፊት ያለውን የመንገድ ጠርዝ አሻግረው ይመልከቱ። ባጃጁ ወደ ቀኝ ሲጠጋ ካዩ፣ ብስክሌተኛው ወዲያው ወደ እርስዎ መስመር እንደሚወጣ ቆጥረው እግርዎን ከነዳጅ ላይ ያንሡ። አንገቱን ወደ ግራ ሲያዞር ካዩማ ፍሬቻ እንዳሳየዎት ይቁጠሩት፤ ከዚህም በላይ ሰው ወደ ኋላ ሲዞር መሪውም ዓይኑን ተከትሎ ትንሽ ወደዚያው ያዘነብላል።

ክላክስን በተመለከተ መልሴ ከዚሁ ይነሣል። አጠገቡ ደርሰው ቢያጮኹበት ደንግጦ ይዞራል፣ ሲዞርም ወደ እርስዎ ይጠጋል። የግድ ካስፈለገ ከሩቅ፣ አጭርና ለስለስ ያለ ይሁን።

ሲቀድሙ ቢያንስ 1.5 ሜትር ይተዉ። ጀርመን ለከተማ መንገዶች በሕግ የደነገገችው ይህንኑ ልክ ነው፤ በብስክሌት መሪ ጫፍና በስፖኪዮ መካከል አንድ ክንድ ብቻ ሲቀር ምን እንደሚሰማ የሚያውቅ ሰው መጠኑ የተጋነነ ነው አይልም። ከፊት ለፊት መኪና እየመጣ ያን ያህል ቦታ ከሌለ ከኋላው ይቆዩ። በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር ሲነዱ በአንዲት ሰከንድ 14 ሜትር ያህል ይጓዛሉ፤ በ30 ግን 8 ሜትር ገደማ ነው፣ ለማየትና ለመወሰን ጊዜ የሚገኘውም በዚህ ልዩነት ውስጥ ነው። ከሁሉ የከፋው ቀድሞ አልፎ ወዲያው ወደ ቀኝ መታጠፍ ነው፣ ምክንያቱም ቀጥ ብሎ የሚሄደውን ብስክሌተኛ መንገዱን ይዘጉበታል። ወደ ቀኝ ለመታጠፍ ካሰቡ ከኋላው ሆነው ያሳልፉት።

ያለ መብራት በጨለማ የሚነዱና በተቃራኒ አቅጣጫ የሚመጡ ብስክሌተኞች መኖራቸውን አልክድም፣ እኔንም ያናድዱኛል፤ ሆኖም ቢጋጩ የሚሰበረው የእነሱ አጥንት ነው። በ2016 ዓ.ም. የተመረቀው አዲሱ የዓባይ ድልድይ ለብስክሌት የተለየ መስመር ስላለው እዚያ ላይ ችግሩ ይቀልልዎታል፤ ጥንቃቄ የሚያሻው መስመሩ አልቆ ብስክሌቱ ከመኪናው ጋር የሚቀላቀልበት ቦታ ነው።

መኪናውን አቁመው ሲወርዱም በርዎን በቀኝ እጅዎ ይክፈቱ። ሰውነትዎ ስለሚዞር ከኋላ የሚመጣውን ሳይፈልጉም ያዩታል። በቀኝ በር በኩል ለሚወርዱት ተሳፋሪዎች ደግሞ፣ ብስክሌት የሚያልፈው በእነሱ ወገን ስለሆነ፣ «ቆይ» ብለው መጀመሪያ በስፖኪዮው ያረጋግጡላቸው።